በረሃ ስለሚገባው ኤምዲ-11፦ ከክሬኑ በፊት የላንዲንግ ጊሩን ሰነድ ይያዙ

«ድርጅታችን አንድ አሮጌ ኤምዲ-11 የጭነት አውሮፕላን ከአገልግሎት ሊያወጣ ነው፤ ካሊፎርኒያ ቪክተርቪል ድረስ ሄጄ ለሚፈታው ድርጅት እንዳስረክብ ተመድቤያለሁ፤ ምን መሣሪያና ስንት ሰው ያስፈልገኛል?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን ይህን መልስ ጽፌያለሁ። ስለ ክሬን፣ ስለ ሞተር ማውረጃና ስለ ሠራተኛ ብዛት የመድረካችን ሌሎች አባላት በቂ ምክር ስለሰጡ እሱን አልደግምም። እኔ በዚያው በሞሃቪ በረሃ የጭነት አውሮፕላኖችን በማቆምና በመፍታት ሥራ ለረጅም ዓመታት ስለቆየሁ፣ ከመልሶቹ መካከል ማንም ያላነሳው ጉዳይ አሳስቦኛል። አውሮፕላኑ በረሃው ላይ ካረፈ በኋላ ዋጋ የሚኖረው ወረቀት ያለው ዕቃ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ አውሮፕላኑ መብረር ካቆመ ወዲያ ስልክ አያነሳልዎትም።

የእርስዎም አውሮፕላን፣ እኛ እንደተረከብነው ሁሉ፣ መጀመሪያ መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሮ ኋላ መቀመጫው ተነቅሎና በግራ ጎኑ ሰፊ በር ተቆርጦለት ወደ ጭነት የተለወጠ፣ ከዚያም በብዙ ኩባንያዎች እጅ ያለፈ መሆኑን አልጠራጠርም። የአብዛኞቹ ኤምዲ-11 ታሪክ ይኸው ነው። ይህ የአውሮፕላን ዓይነት እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 10 ቀን 1990 ከካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች ተነስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ 200 ብቻ ተሠርቶ ምርቱ ቆመ፤ በነዳጅ ፍጆታና በሚበርበት ርቀት የተባለለትን ያህል ስላልሆነ የመንገደኛ አየር መንገዶች በጊዜ ተሰናበቱት፤ የመጨረሻው፣ የሆላንዱ አየር መንገድ ኬኤልኤም፣ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 መንገደኛ ማመላለሱን አቆመ። ጭነት ግን ተስማማው። በላይኛው ወለሉ 26 ፓሌት (ጭነት የሚታሰርበት ሰሌዳ) ደርድሮ፣ 90 ቶን ገደማ ተሸክሞ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ አውሮፕላን በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ ሉፍታንዛ ካርጎ እስከ 2021 ድረስ አብሮት ቆይቷል፤ የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን መረከብ ከመጀመሩ በፊት በኤምዲ-11 ጭነት ያመላልስ ነበር። ሦስትና አራት ባለቤት የቀያየረ አውሮፕላን ሦስትና አራት መዝገብ ቤት አለው፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ሪከርዱ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ እጅዎ ይግባ። የአገልግሎት ገደብ ላለው እያንዳንዱ ዕቃ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ ለሚሽከረከሩት ዲስኮችና ለላንዲንግ ጊሩ (አውሮፕላኑ ለሚያርፍበትና ለሚቆምበት እግር) ዋና ዋና ክፍሎች፣ ከፋብሪካ ከወጡበት ቀን ጀምሮ በየትኛው አውሮፕላን ላይ ተገጥመው ስንት ጊዜ እንደተነሱና እንዳረፉ የሚያሳይ ያልተቋረጠ ሰነድ ይጠየቃል። በመሐል አንድ ዓመት ቢጎድል ዕቃው አዲስ ቢመስልም ገዢ አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን የሚገኝ አንድ ዕቃ አቅራቢ ለሲኤፍኤም56 ሞተሮች የሸጣቸው ዕቃዎች ሰነድ ሐሰተኛ ሆኖ መገኘቱን ያስታውሳሉ፤ በየአገሩ አውሮፕላኖች ቆመው ሞተሮቻቸው ተፈትሸዋል፤ ስለዚህ ገዢው ወረቀት ላይ ድርቅ ቢልብዎት አይፍረዱበት። ዕቃው ለአገልግሎት ብቁ መሆኑ የሚመሰከርበት የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን 8130-3 ቅጽ ብቻውን በቂ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቅጹ ዕቃው በተፈተሸበት ቀን የነበረበትን ሁኔታ ይመሰክራል እንጂ ያለፈውን ታሪኩን አይተካም።

ሁለተኛ፦ አውሮፕላኑን ከያዙት ኩባንያዎች ሁሉ፣ በእጃቸው በነበረበት ጊዜ አደጋም ሆነ ከባድ ጉዳት እንዳልደረሰበት የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይቀበሉ። አውሮፕላኑ በኪራይ የተያዘ ከሆነ ይህንንም የኪራዩ ውል ሳይዘጋ ያድርጉት። ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ።

እኛ የተረከብነው አውሮፕላን በግራው ዋና ላንዲንግ ጊር ላይ የተገጠመው ትልቁ ሲሊንደር ከሌላ ኤምዲ-11 የመጣ ነበር። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ በከባድ ጥገና ወቅት ከራሱ ሌላ አውሮፕላን ፈትቶ ገጥሞታል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ ምንም ነውር የለበትም። የተፈታበት ካርድ ነበረን፤ ሲሪያል ቁጥሩም ከብረቱ ጋር ይገጥማል። የጎደለው በመጀመሪያው አውሮፕላን ላይ ሳለ ያረፈበት ብዛት ብቻ ነበር፤ ያ ቁጥር ደግሞ በዚያ ኩባንያ መዝገብ ቤት ውስጥ ካልሆነ በየትም አይገኝም።

ደብዳቤ ጻፍን። «አውሮፕላኑ ከእኛ ከወጣ ቆይቷል፤ መዝገቡም አብሮት ወጥቷል» የሚል የአንድ መስመር መልስ መጣ። እኛ ግን የጠየቅነው ስለዚህኛው ሳይሆን ሲሊንደሩ ስለተፈታበት ስለ ሌላኛው አውሮፕላን መሆኑን አስረድተን ደግመን ጻፍን። የባለቤቱን የውክልና ደብዳቤ አምጡ አሉ፤ አመጣን። ደብዳቤው ይረጋገጥ አሉ፤ ተረጋገጠ። ቀጥሎ የመዝገብ ፍለጋ ክፍያ ተጠየቅንና ከፈልን። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። በመጨረሻ የክፍሉን ኃላፊ በስልክ ሳገኛቸው «ሊቆራረጥ ለሄደ ብረት ስንት ጊዜ ነው የምትጽፉልን?» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሻካራ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያስቆጨኝ ግን የለም። እኚህ ሰው መዝገቡን አልከለከሉኝም፤ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ራሳቸው ነግረውኛል፤ አውጥቶ ኮፒ ለማድረግ የሚደክሙለት ጉዳይ ስላልመሰላቸው ብቻ ተውት። ያ ሲሊንደር ገና ብዙ ማረፍ የሚችል፣ ክሮሙ ያልተጫረ፣ እኔ ራሴ በባትሪ እያበራሁ ከላይ እስከ ታች ያየሁት ብረት ነበር። ጊሩን ሙሉውን ሊወስድ የተስማማው የጭነት ኩባንያ እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ቦታ ገዛ፤ የማቆሚያ ኪራዩ ግን በየወሩ ይቆጥር ነበር። ሲሊንደሩ በስተመጨረሻ ዳግመኛ እንዳይገጠም ለሁለት ተቆርጦ በኪሎ ተሸጠ።

ከዚያው አውሮፕላን የሞተሮቹ ሰነድ ምን ያህል የተሟላ እንደነበር ብነግርዎ ደስ ይለኛል። የመጨረሻው ባለቤት ቴክኒሺያኖች በወርክሾፕ የተደረገውን እያንዳንዱን የሞተር ጥገና በየዲስኩ ለይተው፣ ገጹን ቆጥረው፣ ፊርማው እንዲነበብ አድርገው ስካን አድርገውት ስለነበር ሦስቱም ሞተሮች ገና ከክንፍና ከጭራ ሳይወርዱ ገዢ አገኙ። በዚያ ቡድን ውስጥ ሁለት የአገራችን ልጆች ነበሩበት፤ ኮርቼባቸዋለሁ። በአንድ አውሮፕላን ላይ አንዱ ክፍል እንዲህ ሲሠራ ሌላው ቢሮ ኮፒ ማድረግ አቃተው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሚዛን ነው፤ ይህ የሰው ሕይወት ስለሆነ ልለፈው አልችልም። ኤምዲ-11 አንዱ ሞተሩ ጭራው ላይ ያለ አውሮፕላን ስለሆነ የክንፎቹን ሞተሮች መጀመሪያ ያወረደ ሰው ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ይልከዋል፤ አፍንጫው ተነስቶ ጭራው መሬት ሊመታ ይችላል። የጭራ ድጋፉ ሳይቆም አንድ ብሎን እንዳይፈታ ያድርጉ፤ የወረደው ሞተር ቦታ ላይም በፓይለኑ (ሞተሩን ከክንፉ ጋር በሚያያይዘው ክንድ) ሥር የኮንክሪት ክብደት ይሰቀል፤ የበረሃው ነፋስ ባዶ ክንፍን ያነሳል። ከእኛ ጋር የመጣ አንድ የውጭ ተቋራጭ ቡድን ድጋፉን እንደ ጊዜ ማባከን ቆጥሮት ነበር፤ እስኪቆም ድረስ አልፈርምም ብዬ ግማሽ ቀን ሥራ አስቁሜያለሁ፤ ዛሬም ያንኑ አደርጋለሁ። በዚያን ዕለት ቆሞ ለመጠበቅ የገባሁት ጭነት ክፍሉ ውስጥ ነበር። ጭነት የሚንከባለልባቸው ሮለሮች ተነቅለው ወለሉ ሲከፈት ከሥሩ የደረቀ የአበባ ግንድና የፈረስ ጸጉር ወጣ፤ የዓሣ ሣጥን ጨዋማ ውሃ ለዓመታት በተንጠባጠበበት በኩል ያለው ተሸካሚ ብረት ነጭ ዱቄት አውጥቶ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የጭነት አውሮፕላን የሚያረጀው ከወለሉ ሥር ነው። ስለዚህ የሚፈታው ድርጅት የወለሉን ተሸካሚዎች በጥሩ ዋጋ እወስዳለሁ ቢልዎት፣ ወለሉ ሳይከፈት ውል አይፈርሙ፤ በኋላ ዋጋውን የሚቀንሰው ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ነው።

ስለ ፓይለኑ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2025 አሜሪካ ሉዊቪል ላይ አንድ የጭነት ኩባንያው የዩፒኤስ ኤምዲ-11 ለመነሳት ሲል የግራ ሞተሩ ከነፓይለኑ ተገንጥሎ አውሮፕላኑ ወድቋል፤ ሦስቱ የበረራ ሠራተኞችና መሬት ላይ የነበሩ ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑ 34 ዓመት የሠራ ሲሆን፣ መርማሪዎቹ ፓይለኑን ከክንፉ ጋር በሚያያይዘው የኋላ መያዣ ላይ በብረት ድካም የመጣ ስንጥቅ አግኝተዋል። ኤምዲ-11 በጠቅላላ ተፈትሾ እስኪስተካከል ድረስ እንዳይበር የታገደውም ከዚያ በኋላ ነው። ከእርስዎ አውሮፕላን የሚወጡትን የፓይለን መያዣዎች፣ ሰነዳቸው የተሟላ ቢሆንም እንኳ፣ ለሽያጭ በሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ ባያስገቡ እመክራለሁ። ድርጅትዎ ጥቂት ገንዘብ ያጣል፤ ቢሆንም ያ ብረት ዳግመኛ ሞተር ተሸክሞ እንዳይነሳ ማድረግ በእርስዎ እጅ ያለ ነገር ነው። የአውሮፕላኑ መለያ የተቀረጸበትን ዳታ ፕሌት የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳም ቆራጩ ከመምጣቱ በፊት አስነቅለው ከምዝገባ ስረዛ ሰነዱ ጋር በፊርማ ያስረክቡ፤ በሌላ ሰው እጅ ከገባ የሞተ አውሮፕላን ስም ለሌላ ዕቃ መሸፈኛ ይሆናል።

አሁን የሚያስፈልግዎትን በቅደም ተከተል ልንገርዎ። ዛሬውኑ የላንዲንግ ጊሩን የሲሪያል ቁጥር ዝርዝር ከብረቱ ላይ በዓይንዎ አይተው ይጻፉ፤ ከኮምፒውተሩ አይገልብጡ። ከሰነዱ ጋር ሲያመሳክሩት ከሌላ አውሮፕላን የመጣ ክፍል ካገኙ፣ ለቀድሞው ባለቤት የሚጽፉት ደብዳቤ በድርጅትዎ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ፣ የውል ቁጥር ተጠቅሶበት፣ አውሮፕላኑ ገና እየበረረ ሳለ ይሂድ፤ ለሚበር አውሮፕላን ደኅንነት የተጠየቀ ሰነድን ችላ ማለት ለማንም መዝገብ ቤት ይከብዳል። የማስረከቢያውን ቀንም የላንዲንግ ጊሩ ሰነድ ሳይሟላ አይቁረጡ፤ አለቆችዎ ቢቸኩሉ የማቆሚያ ኪራዩን በወር አስልተው ያሳዩአቸው። አውሮፕላኑ ቪክተርቪል ሲያርፍ ደግሞ አብራሪዎቹ ከኮክፒት ሳይወርዱ የመጨረሻውን የሎግ ቡክ ገጽ ይጠይቁ። የጠቅላላ በረራ ሰዓቱና የማረፉ ብዛት የሚዘጋው እዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ከዚያ አውሮፕላን የሚሸጠው እያንዳንዱ ዕቃ ሒሳቡ የሚነሳው ከዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ ካፒቴኑ ፈርመውበት ኮፒው በእጅዎ ሳይገባ ወደ ሆቴል የሚወስዳቸው መኪና እንዳይንቀሳቀስ።