«የድራኩላ ሴት ልጅ» ያለ ሉጎሲ

እ.ኤ.አ. በ1931 በወጣው «ድራኩላ» ፊልም ላይ ድራኩላን ሆኖ የተወነው ቤላ ሉጎሲ የማይተውንበት ይህ ተከታይ ፊልም መታየት ይገባዋል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በእርግጥ ይገባዋል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው ፊልም የ1931ዱ ካቆመበት ቅጽበት ይቀጥላል፤ በግሎሪያ ሆልደን የምትተወነው የድራኩላ ልጅ፣ ደም መጣጯ ቫምፓየር ዛሌስካ፣ ከደም ጥማቷ ነጻ ለመውጣት የድራኩላን አስከሬን አቃጥላ፣ ያም አልሆን ሲላት የአእምሮ ሐኪም እርዳታ ስትሻ ማየት ልብ ይነካል። ሥዕል ልትሥላት ያስመጣቻትን ወጣት ቀስ በቀስ የምትቀርብበት ትዕይንት፣ አንዲት ጠብታ ደም ሳይታይበት፣ በዓይኗ ብቻ እጅግ ያስፈራል። ዋናው ድክመቱ በመክፈቻው ላይ ያሉት ፖሊሶች ቀልድ ነው፤ ገና የሚገነባውን ድባብ ያላላዋል። መጨረሻውም የድራኩላ አገር ትራንሲልቫኒያ ከደረሰ በኋላ ተቻኩሎ፣ ለዚያች ምስኪን ሴት የሚገባትን ጊዜ ሳይሰጣት ያልቃል።