መንገዱን ማን ከፈለው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላንና ከአቃቂ የደረሱኝ ጥያቄዎች መንገዱ፣ ውሃውና መብራቱ በማን ገንዘብ ነው የሚሠሩት የሚሉ ናቸው። እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ዳር ላይ ስለምኖር ጥያቄው የእኔም ነው።

«ኮንዶሚኒየሙ ሲሰጠን ቤቱ ነበረ፤ መንገድ፣ ውሃና መብራት ግን አልነበረም። ሰው ከመግባቱ በፊት ይህን ማስቀደም አይቻልም ነበር?» የሦስት ልጆች እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

ይቻል ነበር፣ እህቴ። ችግሩ ቤቱና መንገዱ ከአንድ ኪስ አለመውጣታቸው ነው። ለ20/80 ቤቶች (20 በመቶው ቀድሞ፣ 80 በመቶው በብድር ለሚከፈልባቸው) የከተማው አስተዳደር ቦንድ፣ ማለትም የብድር ሰነድ፣ ያወጣል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፣ እናንተ ደግሞ በየወሩ እየከፈላችሁ ዕዳውን ትመልሳላችሁ። ቤቱ ከፋይ አለው። መዳረሻ መንገዱ ግን የከተማውን መንገዶች ባለሥልጣን በጀት ይጠብቃል። ውሃው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ መብራቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና ጨረታ ላይ ይሆናል። በዚህ መሃል ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣ እናት አለች። የእሷ ድካም የትኛውም በጀት ላይ አይጻፍም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ወረዳ ስትሄዱ «መንገድ የለንም» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «በመጪው ዓመት በጀት ተይዞለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄው በበጋው መግባት አለበት። ክረምት ላይ ጭቃው ሲያማርር የምንጮኸው ጩኸት ለዚያ ዓመት በጀት አይደርስም።

«በፈጣን መንገዱ አዳማ በተመላለስኩ ቁጥር እከፍላለሁ። ገንዘቡ ቻይና ነው የሚሄደው? ዕዳው ካልተከፈለስ መንገዱን ይወስዱታል?» ሹፌር፣ ከቱሉ ዲምቱ

ክፍያውን የሚሰበስበው የመንግሥት ድርጅት ነው፣ ወንድሜ። መንገዱን ጠቅልሎ የሚወስድም የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአዲስ–አዳማ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ሲከፈት ከወጪው ከግማሽ በላይ የሆነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከዚያው ባንክ ነው። አንተ የምትከፍለው ብር ነው። የባቡሩ ተሳፋሪም ትኬት የሚቆርጠው በብር ነው። ብድሩ የሚመለሰው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዕዳው በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?

ሲከብድ የሚደረገው ድርድር ነው። የጂቡቲው ባቡር ብድር የመክፈያ ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ገበያ በቦንድ የተበደርነው 1 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱ ሳይከፈል ቀረ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበዳሪ ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ፣ ሰፈር ውስጥ ተበድሮ ቀን ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል።

«ሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ስለሆነ አዋጡ ተብለናል። ግብር እየከፈልን ለምን እናዋጣለን?» ጡረተኛ፣ ከአቃቂ

ጋሼ፣ ቅሬታዎ ልክ ነው። ግን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በጀት ሲደለደል ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። ካላዋጣን ተራችን መቼ እንደሚደርስ እንጃ። ስለዚህ ያዋጡ፤ ሳይጠይቁ ግን አያዋጡ።

የእኛን ልንገርዎ። ሁላችንም አዋጣን፣ ኮሚቴውም ታማኝ ነበር። ድንጋዩ ሲነጠፍ ሴቶቹ ቡና አፍልተው ለሠራተኞቹ አቀረቡ። ቦይ ግን አልነበረውም። ኮንትራክተሩን ብንጠይቀው «ውሉ ላይ የለም» አለን። እውነቱን ነበር፤ ዋጋ ለመቀነስ ብለን ያስወጣነው እኛው ነን። ነሐሴ ላይ ከላይ ሰፈር የወረደው ጎርፍ ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎት ሄደ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ሰመጡ። ዛሬ ባጃጆቹ ኮብሉን ትተው በዳር በአፈሩ ነው የሚሄዱት።

እርስዎ ጊዜ አለዎት፤ ቆመው ይዩ። ገረጋንቲው (ከሥር የሚደለደለው ጠጠራማ አፈር) በደረቁ ተበትኖ ወዲያው አሸዋ ከለበሰ ያስቁሙ፤ ውሃ እየጠጣ በሮለር መጠቅጠቅ አለበት። የዳር ድንጋዩ በሲሚንቶ ካልታሰረ ኮብሉ ወደ ጎን ይሸሻል። ቦይ በውሉ መኖሩን ደግሞ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት በዓይንዎ ያንብቡ። ደረሰኝም ይቀበሉ።

«የአባቴ የእርሻ መሬት ለልማት ሊወሰድ ነው። ካሳው እንዴት ይሰላል?» ከገላን

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም፤ ካሳው ለንብረቱና ለሚቀረው ገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የተነሺነት ካሳ የሚያሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 በማባዛት ነው። የቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመት አማካይ ወስዶ በ10 ነበር የሚያባዛው። ስለዚህ የሦስቱን ዓመት ጤፍና ሽምብራ፣ ስንት ኩንታል እንደተገኘና በስንት እንደተሸጠ፣ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። ገማቹ ሲመጣ በቃል ብቻ አታስረዱ። አባትህ አርሰው የኖሩበትን መሬት ብር እንደማይተካው አውቃለሁ። ቢያንስ ስሌቱ አይጉደልባቸው።

«ዓባይን በራሳችን ገንዘብ ገድበን የለ? መንገዱንስ ለምን አንሠራም?» ተማሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ግድቡ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 2017 ላይ እስኪመረቅ 14 ዓመት ፈጅቷል፤ ሕዝቡ ቦንድ ገዝቷል፣ ከደመወዙ ቆርጧል። እኮራበታለሁ። ግን እንዲህ ያለ ርብርብ ለየሰፈሩ መንገድ አይደገምም።

«አምስት ዓመት ያልሞላው አስፋልት ተቦርቡሮ አለቀ። የሚጠግነው ማነው?» ከኮዬ ፈጬ

ለጥገና ተብሎ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል። ከምንቀዳው ነዳጅ ከእያንዳንዱ ሊትር ይቆረጣል፤ በታክሲ የምትሄዱትም በታሪፉ በኩል ትከፍላላችሁ። ገንዘቡ ግን ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ መንገዶች ስለሚከፋፈል ለሁሉም አይበቃም። ለአዲስ መንገድ አበዳሪ ይገኛል፤ ጉድጓድ ልድፈን ብሎ የሚመጣ አበዳሪ ግን አላየሁም። ስለዚህ ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ወረዳ አስገቡና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። እኔ ከታክሲ ተራችን ፊት ለፊት ያለውን ባለፈው ማክሰኞ አስገብቻለሁ። የሚሰጡኝን መልስ እዚሁ እጽፈዋለሁ።