ልጅ ተወለደ፣ ኑዛዜስ? ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጠበቃው ጋር

አራሶች፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ዛሬ እቤት ነኝ፤ ቡናው እስኪፈላ እመልሳለሁ። ልደታ ችሎት ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁና ስለ ውርስ ጠይቁኝ። ግብር አልመልስም።

የሶስና እናት (ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ ልጃችን ሁለት ወሯ ነው። ከባለቤቴ ጋር ልንናዘዝ ነበር። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከልደት ሰርተፍኬቷ። በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቧት። የክትባት ካርዱ አይተካውም። ከዚያ ኑዛዜ፤ ግን በሁለት ወረቀት! ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ከተናዘዙ ፈራሽ ነው። ፍቅራችሁን በሌላ ግለጹ።

አዲስ አባት፦ ባልናዘዝስ? ሁሉም ለሚስቴ ይሆናል አይደል?

መልስ፦ አይሆንም! በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ አይደለም። በጋብቻ ካፈራችሁት ግማሹ ድሮም የራሷ ነው። ያንተ ግማሽ ለልጅህ ይሄዳል። ሌላ ልጅ ካለህ፣ ወንድም ሴትም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፣ እኩል ይካፈላሉ። ከማግባትህ በፊት የገዛኸው ቤት ደግሞ ሙሉው የልጆች ነው። ሚስትህ ነገ ልሽጠው ብትል የሕፃን ድርሻ አለበትና ፍርድ ቤት ታስፈቅዳለች። ልትሰጣት ከፈለግህ በኑዛዜ ጻፍ። ልጅህን ግን ያለ ምክንያት ከውርስ መንቀል አትችልም።

ቢኒ (ካዛንቺስ)፦ ይሄ እኮ ግፍ ነው። አብራ የለፋች ሴት!

የሶስና እናት፦ ምን ግፍ አለው? ነገ ሌላ ብታገባስ?

ቢኒ፦ አንቺ ሴት ሆነሽ ነው እንዲህ የምትይው?

ሙና፦ በሸሪዓ ግን ሚስት ድርሻ አላት።

መልስ፦ አላት። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል። ዝርዝሩን ቃዲውን ጠይቂ። ሌሎቻችሁ ጠባችሁን ፓርላማ ውሰዱት።

ማሚ ነኝ፦ ሞግዚት በኑዛዜ ይሰየማል ሲሉ ሰማሁ። የእኛዋ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ገና ሦስት ወሯ ነው ከቀጠርናት።

መልስ፦ አሳቅሽኝ። ሕጉ ሞግዚት የሚለው ደመወዝ የምትከፍያትን አይደለም። ሕፃኑን የሚወክል፣ ንብረቱን የሚይዝለት ሰው ነው። አንዳችሁ ብትሞቱ የቀረው ወላጅ ብቻውን ሞግዚት ይሆናል። ሁለታችሁም ከሌላችሁ ግን በኑዛዜ የጻፋችሁት ስም ይታያል። ካልጻፋችሁ ሕጉ አያቶችን ያስቀድማል፤ አያት ደግሞ በሁለቱም ወገን አለ። ልደታ ሁለት አያቶች ሲከራከሩ አይቻለሁ። ሕፃኑ በአንደኛዋ ነጠላ ተጠቅልሎ አግዳሚው ላይ ተኝቷል። ጡጦው በሌላኛዋ እጅ ነበር።

ማሚ ነኝ፦ ክርስትና እናቷስ?

መልስ፦ በሕግ ፊት ባዳ ናት። ከፈለግሻት ጻፊያት።

ሚኪ አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ እቤት ቁጭ ብዬ ራሴ ብጽፈውስ?

መልስ፦ ተባረክ፣ ይሄ ነው ጥያቄ! ይቻላል፤ ሳንቲም አታወጣም። ግን ሙሉውን በእጅህ ጻፍ። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ በል። ቀን ጻፍ፣ ፈርም፤ ገጹ ከበዛ በየገጹ። አንዲት ሴት ባሏ ቡፌ ውስጥ፣ ከሠርጋቸው አልበም ሥር ያስቀመጠውን ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ፣ ሁለት ጓደኞቹን አስፈርሞበታል። በእጁ አልጻፈው፣ ምስክሩ አልሞላ። ምን ልበላት? ሰው ካስጻፍክ አራት ምስክር ባለበት ይነበብ፤ ወዲያው ሁላችሁም ፈርሙ፤ ይህ መደረጉም እዚያው ይጻፍ። ውልና ማስረጃ ሹሙ ፊት ከሆነ፣ እሱን ጨምሮ ሁለት ምስክር ይበቃል። የምታወርሰው ሰው ምስክር አይሁን። በእጅ የጻፍከው ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ልጅህ አንደኛ ክፍል ስትገባ ቡፌው ውስጥ ያለው ወረቀት ተራ ወረቀት ነው። እደግመዋለሁ፤ ቡፌ ውስጥ አታስቀምጡ።

ቢኒ፦ እኔ ያገባሁ ሰሞን ለወንድሜ ብዬ ተናዝዣለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አዲስ ጻፍ። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ፣ ፍርድ ቤት ካላጸናው በቀር ለወንድምህ ያልከው ይወድቃል።

አዲስ አባት፦ የቀበሌ ቤትስ?

መልስ፦ የመንግሥት ነው። በሰው ቤት አይናዘዙም።

ሙና፦ የሕይወት ኢንሹራንስ?

መልስ፦ የተጠቃሚ ስም ካስገባሽ ውርስ ውስጥ አይገባም። ለትዳር ጓደኛ ማሰብ የፈለገ ከዚያ ይጀምር።

ሮባ፦ ጋሼ፣ ስለ ውርስ የሆነ ነገር ንገሩን።

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሚኪ አራት ኪሎ፦ ኑዛዜውን ቀርጬ ለሚስቴ በቴሌግራም ብልክላትስ?

መልስ፦ ስለ ወረቀት ይህን ሁሉ ተናግሬ?

አዲስ አባት፦ አሁን ገባኝ ጋሼ። ዞሮ ዞሮ ለሚስቴ ነው አይደል?

መልስ፦ ቡናው ፈልቷል።