የወንበር ሞልድ መንደፍ እፈልጋለሁ፤ ከየትኛው ሥራ ልጀምር?

ጥያቄሽን ላሳጥረው። ሜካኒካል ምህንድስና ልትጨርሺ ነው። የፕላስቲክ ወንበርና ጠረጴዛ ሞልድ ነዳፊ መሆን ትፈልጊያለሽ፤ ሞልድ ማለት የቀለጠ ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጹን የሚይዝበት፣ በሁለት ግማሽ የሚከፈት የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል፤ አንዱ ቢሮ ቁጭ ብለሽ በሶሊድወርክስ (በኮምፒውተር ንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር) የምትስይበት፣ ሌላው ፋብሪካ ውስጥ የሞልድ ጥገና ረዳት የምትሆኚበት። የጥገናው ደመወዝ ያንሳል፣ ልብስም ያቆሽሻል። «ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ቦልት ለመፍታት ነው እንዴ?» ብለሻል።

አዎ፣ ለጊዜው ቦልት ፍቺ። ጥገናውን ያዢ።

ስክሪን ላይ ያለ ወንበር አይሞቅም፣ አይኮማተርም፣ ከሞልዱ አልወጣም ብሎም አያስቸግርም። እውነተኛው ያስቸግራል። ለእንዲህ ዓይነት ወንበር በብዛት የሚመረጠው ፖሊፕሮፒሊን ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሞልዱ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል። 1.5 ብንል እንኳ 500 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ወንበር 7.5 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል፤ ብረቱ ያንን ያህል ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ሶፍትዌሩ ማስፋቱን ይሠራልሻል፣ ቁጥሩን የምትሰጪው ግን አንቺ ነሽ። ወፍራሙ ክፍል ከቀጭኑ ይበልጥ ስለሚኮማተር አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም፣ ወንበሩም ይጣመማል። ሲሙሌሽን (ፕላስቲኩ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር አስቀድሞ መሞከር) ጥሩ ግምት ይሰጣል። ግምቱን መቼ ማመን እንዳለበት የሚያውቀው ግን የተጣመመ ወንበር በእጁ ይዞ ያየ ሰው ነው።

አንድ የፕላስቲክ ወንበር ገልብጪና ሥሩን እዪው። መቀመጫውን የሚያጠነክሩ ቀጫጭን ሪቦች ታገኛለሽ። የሪቡ ውፍረት ከመቀመጫው ውፍረት 60 በመቶ ገደማ ማለፍ የለበትም ይባላል። ቢሮ ውስጥ ያለ ጀማሪ «ይጠንክር» ብሎ ሪቡን ያወፍረዋል፤ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ፋብሪካው ላይ ግን ሪቡ ያለበት ቦታ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል፣ የመቀመጫውን ፊት ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ስርጉድ ይሠራል። ኦፕሬተሩ ስርጉዱን ለማጥፋት ግፊቱን ይጨምራል። ግፊቱ ሲበዛ የሞልዱ ሁለት ግማሾች በፀጉር ያህል ይከፈቱና ፕላስቲኩ በስንጥቁ ይወጣል፤ ፍላሽ የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ቢላ ይዞ ሙሉ ሺፍት የእያንዳንዱን ወንበር ጠርዝ ሲላጭ ይውላል። ሁሉም ነገር የመጣው ስክሪን ላይ ከተጨመረች አንድ ሚሊሜትር ነው። ቢሮ ውስጥ ብትሆኚ ይሄ ታሪክ አንቺ ጋ የሚደርሰው «ሞልዱ ችግር አለበት» በሚል አንድ መስመር ኢሜይል ነው፣ ከደረሰ።

ማቀዝቀዝም እንደዚያው ነው። አንድ ወንበር ለማውጣት ከሚፈጀው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ፕላስቲኩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። የማቀዝቀዣው ጊዜ ደግሞ ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ 3 ሚሊሜትሩን 4 ስታደርጊው ጊዜው ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። ውሃ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ንድፍ ላይ ማስገባት ቀላል ነው። ጥገና ላይ ግን ያው ቀዳዳ በዝገት ተደፍኖ፣ ለመጥረጊያ የሚገባበት መንገድም ሳይተውለት ታገኚዋለሽ። ያን ቀን ነዳፊውን ትረግሚዋለሽ፣ ራስሽ ስትነድፊም አትረሺውም።

ሌላው ብረቱ ነው። ሁለቱ ግማሾች በትክክል መግጠማቸውን ለማየት አንዱን ፊት ሰማያዊ ቀለም ቀብተሽ ትገጥሚያቸዋለሽ፣ ቀለሙ ያልነካበት ቦታ ክፍተት አለ ማለት ነው። ይህንን እጅ ነው የሚማረው። ሲኤንሲው (በኮምፒውተር የሚታዘዘው ብረት መቁረጫ ማሽን) የት መድረስ እንደማይችልና ኢዲኤም (ብረትን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቀርጽ ማሽን) የት እንደሚያስፈልግም እዚያው ታያለሽ። በነገራችን ላይ የወንበር ሞልድ በቶን የሚመዘን ነገር ነው፤ በክሬን ከተንጠለጠለ ሥሩ አትቁሚ፣ የማሽኑ ኃይል ተቋርጦ መቆለፉን በራስሽ ዓይን ሳታረጋግጪም እጅሽን አታስገቢ። ሲኒየሩ «ችግር የለውም» ቢልሽም።

ሶሊድወርክሱን ተይው አላልኩም። ማታ ማታ ቀን ያየሽውን ብልሽት በሶሊድወርክስ ሳይው፤ የቱ ማዕዘን ቢቀየር ወንበሩ ሳይቧጠጥ ይወጣ ነበር፣ ጌቱ (ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የሚገባበት ቀዳዳ) የት ቢሆን ይሻል ነበር። እንዲህ ያሉ ጥቂት ሥራዎች ያሉበት ፖርትፎሊዮ ከሚያብረቀርቅ የወንበር ሥዕል በጣም ይሻላል፤ የሞልድ ነዳፊ የሚቀጥር ሰው ሥዕሉን ቶሎ ነው የሚያልፈው። በሙሉ ወንበርም አትጀምሪ። የእንግሊዛዊው ዲዛይነር የሮቢን ዴይ ዝነኛው የ1963 እ.ኤ.አ. ወንበር ራሱ ከሞልድ የወጣው መቀመጫና መደገፊያው ብቻ ነው፤ እግሩ ብረት ነበር። አንቺም መጀመሪያ መቀመጫ ብቻ ሥሪ፣ እግር ሲጨመር ሞልዱ ይጠልቃል፣ ጣጣውም ይበዛል።

ደመወዙን በተመለከተ፣ ልዩነቱ ቤት ኪራይ እንዳትከፍዪ የሚያደርግሽ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሆድ ባዶ ሆኖ ሙያ አይለመድም። የሚያኖርሽ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆዪና ወደ ንድፍ ተሻገሪ።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ጥገናው ቦታ ሄደሽ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሞልድ ሲበላሽ እዚሁ ከፍታችሁ ነው የምትሠሩት ወይስ ውጭ ትልካላችሁ? «ውጭ ነው የምንልከው» ካሉሽ የአንቺ ሥራ ቅባት መቀባትና ሞልድ ማፈራረቅ ብቻ ይሆናል። ያኔ ያልኩሽን ሁሉ ተይውና የቢሮውን ውሰጂ።