መልስ፦ አስተናጋጁ ያለው ማሪያዲቢ ብቻ ከሆነ

የጅማውን ቡና ነጋዴ ድረ ገጽ የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ፋይል ስታስገባ ስህተት እንደመጣብህ ነግረህ፣ አስተናጋጁን (ድረ ገጹን በኮምፒውተሩ የሚያኖረውን ድርጅት) ልቀይር ወይ ብለሃል። ለዚህ ስትል አትቀይር፤ ማሪያዲቢ፣ ማለትም ከማይኤስኪውኤል ኮድ ተቀድቶ የተሠራው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር፣ ከበቂ በላይ ነው። «የማይታወቅ አደራደር» የሚለው ስህተት የመጣው ፋይሉ ከማይኤስኪውኤል 8 ስለወጣና የአንተ ማሪያዲቢ የማያውቀው አደራደር (ፊደላትን የማወዳደሪያና የመደርደሪያ ደንብ) ስም ስላለበት ነው።

1. ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈት።
2. 0900 ያለበትን የአደራደር ስም በሙሉ utf8mb4_unicode_ci (ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ዩኒኮድ_ሲአይ) በሚለው ተካና መልሰህ አስገባ።

አስተናጋጆች ክፍቱን ቅጂ፣ ማሪያዲቢን፣ ይደግፉ ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ይገባቸዋል። የማይኤስኪውኤልም ኮድ ክፍት (ማንም የሚያየውና የሚቀዳው) ነው፤ አቅጣጫውን የሚወስነው ግን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦራክል የተባለው ኩባንያ ነው። ማሪያዲቢ ከዚህ ጥገኝነት መውጫ በር ነው።

ዋናውን ፋይል ግን እንዳትሰርዝ! እኔ አንድ ጊዜ ሰንጠረዡን አማርኛን በማይይዝ የላቲን ፊደል ኮድ ከፍቼ «የታጠበ ቡና» የሚለው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖብኝ፣ የዋጋ ዝርዝሩን ሌሊቱን ሙሉ እንደ አዲስ ስጽፍ አድሬአለሁ።