ባለቤቴ ቤት ሆኖ ይሠራል፤ እናቴ ግን ሥራ ፈት ይመስላታል

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አስተምራለሁ። የአራት ዓመት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለአሜሪካ ደንበኞች ይሠራል። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ይተኛል። አንዱን ወር የኔን ደመወዝ ብዙ እጥፍ ያመጣል፣ በሌላው ወር ምንም አይገባም። እናቴ ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ናት። ረፋድ ላይ ተኝቶ ስታየው «አንቺ እየለፋሽ እሱ ይተኛል?» ትለኛለች። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ደግሞ «ቢሮ ነው» እላለሁ። ይህን ሰምቶ ተቀየመኝ። አሁን ብዙም አናወራም። እኔም ደክሞኛል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳህኑ እንኳ አይታጠብም። ቢሮ ተቀጠር ልበለው ወይስ ልታገሥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽ ከደብዳቤሽ ይነበባል። ያስጨነቀሽ ነገር ግን አንድ ብቻ አይመስለኝም። ስጋት አለ፣ ሐፍረትም አለ። ስጋቱ የገንዘብ ነው፤ ትክክለኛም ነው። ሐፍረቱ ግን ሰው ምን ይለኛል ከሚል የመጣ ነው። አሁን ቤታችሁን ዝም ያሰኘው ሐፍረቱ ነውና ከእሱ እንጀምር።

«ቢሮ ነው» ስትዪ ጎረቤት እንዳይነዘንዝሽ ብለሽ ይሆናል። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነው። ሥራውን አጥቶ ነበር። በራሱ ጥረት ሌላ መተዳደሪያ አገኘ። አሁን ሚስቱ በዚያ መተዳደሪያ እንደምታፍር ሰማ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ጠዋት ከቤት ካልወጣ ሥራ ያለው አይመስልም። እሱም ይህን ያውቃል። አብረውት ቡና የሚጠጡት የሥራ ባልደረቦቹም የሉም። በርታ የሚለው ሰው ቢኖር አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂው። አጭር ይሁን። «ቢሮ ነው ማለቴ ጎድቶሃል፤ ከእንግዲህ ሥራህን በስሙ እጠራለሁ» በይው። «ግን አንተም» የሚል ነገር አትጨምሪበት። የአንቺ ቅሬታ የራሱ ጊዜ አለው።

ስለ እንቅልፉ ደግሞ ሒሳቡን እንየው። ደንበኞቹ ኒውዮርክ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ከሆኑ፣ እነሱ ጠዋት ሥራ ሲገቡ እዚህ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል። እነሱ ከሥራ ሲወጡ እዚህ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። መብራት ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከተቆራረጠ ደግሞ እስኪነጋ ሊሠራ ይችላል፤ ደንበኛው የእኛን ችግር አያውቅለትም። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት። የቀን እንቅልፍ ደግሞ በብርሃኑና በጫጫታው የተነሣ አጭርና ቀላል ነው። ባለቤትሽ የሌሊት ተረኛ ነርስ ቢሆን ኖሮ እናትሽ ራሷ «ቀስ በሉ፣ አዳሪ ነው» ትል ነበር።

ለእናትሽ ማስረዳት ያለብሽ አንቺ ነሽ። እሱ ራሱን ለመከላከል ከአማቱ ጋር እንዲከራከር አትተዪው። እሷ የምትናገረው ለልጇ አስባ ነው፤ ስለዚህ በቁጣ አትመልሺላት። «እማዬ፣ ሲሠራ ነው ያደረው። የዚህን ወር የቤት ኪራይ የከፈለው እሱ ነው» በያት። የሠራውን ዲዛይን ኮምፒውተሩ ላይ ቢያሳያትም ጥሩ ነው። ያላየችውን ሥራ ሥራ ነው ብላ እንድትቀበል መጠበቅ ከባድ ነው።

ወደ ስጋትሽ ልምጣ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ክፍያው በዶላር ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ቤት ሆኖ መሥራትን ብዙ ሰው የተመኘውም ለዚህ ነው። ግን ደንበኛ በአንድ መልእክት ሊሰናበት ይችላል። የሕመም ፈቃድ የለም። ድርጅት ውስጥ ቢሆን ከደመወዙ 7 በመቶ እሱ፣ 11 በመቶ አሠሪው ለጡረታ ያስገቡለት ነበር፤ አሁን ይህን የሚያስብለት ሰው የለም። ስለዚህ ስጋትሽን «አታምነኝም» ብሎ እንዳይተረጉመው፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ተነጋገሩ።

እኔ የምመክራችሁ ገቢው ሁሉ መጀመሪያ አንድ ሒሳብ ውስጥ እንዲገባ ነው። ከዚያ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ለቤት ይውጣ። መጠኑ ጥሩ ገቢ በተገኘበት ወር ሳይሆን በደካማው ወር ይለካ። የተረፈው ሥራ ለሚጠፋበት ወር ይቀመጥ። በጥሩ ወር ተደስታችሁ ትልቅ ዕቁብ ውስጥ እንዳትገቡ ደግሞ አደራ፤ ዕቁብ ደንበኛ ጠፋብኝ ቢሉት አይጠብቅም። በደካማው ወር ሰው ተስፋ ቆርጦ ቴሌግራም ላይ በሚለቀቁ «ቤት ሆነው በቀን ይህን ያህል ያግኙ» በሚሉ ማስታወቂያዎች ይታለላል። ሥራ ለመስጠት ቅድሚያ ብር የሚያስከፍል አጭበርባሪ ነው። ይህን ባለቤትሽ ሳያውቀው አይቀርም፤ ሆኖም ጭንቀት ብልህ ሰውንም ያሳስታል።

ሳህኑን አልረሳሁትም። እውነትሽን ነው። ቤት መዋሉ ሥራ ፈት አያደርገውም፤ ከቤት ሥራ ነፃም አያደርገውም። ረፋድ ላይ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ሰዓታት አሉት። ምሳ መሥራትም ሆነ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ማምጣት የእሱ ድርሻ ሊሆን ይችላል። በምትኩ ሥራ ላይ እያለ «ዳቦ ግዛ»፣ «ልጅቷን ያዝልኝ» አይባልም። የሚሠራበት ጥግ ይኑረው፣ ሰዓቱም ለእናትሽና ለልጃችሁ ጭምር ይታወቅ።

ይህን ሁሉ መቼ ትነግሪዋለሽ? ደክመሽ እንደገባሽ በሩ ላይ አይሁን፤ ያ ሰዓት ለእሱ የሥራ መጀመሪያ ነው። ደንበኞቹ ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ፤ ያኔ ተቀመጡ። አንዱ ሲወቅስ ሌላው ዝም፣ ዝም ሲል ወቀሳው ይብሳል፤ በባልና ሚስት መካከል ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ለማቋረጥ «አንተ ሁልጊዜ» ከማለት «እኔ ብቻዬን ከበደኝ፤ ምሳውን ብትይዝልኝ» ማለት ይሻላል።

«ቢሮ ተቀጠር ልበለው?» ላልሽው፣ በትእዛዝ መልክ አትበዪው። ስድስት ወር ስጡት። ለቤታችሁ በወር የግድ የሚያስፈልገውን ገንዘብ አሁን አብራችሁ ጻፉ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ የገቢው አማካይ ከዚያ በታች ከሆነ፣ ቢያንስ የግማሽ ቀን ቅጥር ይፈልግ። ከበለጠ ክርክሩ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ስድስት ወር አይጠብቅም። ዝምታው ከአንቺ ጋር ብቻ ነው ወይስ ከሁሉም? ከልጁ ጋር መጫወት ካቆመ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ እንቅልፍ ካጣ ወይም «ዋጋ የለኝም» ማለት ከጀመረና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ኩርፊያ ሳይሆን ድብርት ሊሆን ይችላል። መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከሰማሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው። አማኑኤል ላለመታየት ብሎ የሚያመነታ ከሆነ፣ እንደ ዘውዲቱና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አብረሽው ሂጂ።