ፓርጋናና ተህሲል፦ የቱ ነው ከላይ?

ተህሲሉ ነው። በሰሜን ሕንድ በነበረው የአግራና አውድ ክፍለ ሀገር የድሮ የመሬት መዝገብ ላይ ሁለቱም አብረው ሲጻፉ፣ ተህሲል በተህሲልዳር የሚመራው የግብር ወረዳ ነው። ፓርጋና ሕንድን ይገዙ ከነበሩት ከሙጋሎች ዘመን የቀረ ክልል ነው፤ አንድ ተህሲል አንድም ብዙም ይይዛል። ከተህሲሉ በላይ ኮሌክተር የሚባለው ሹም የሚያስተዳድረው አውራጃ አለ።

በመዝገቡ መንደር ሲፈልጉ ግን ፓርጋናውን አይጣሉት፤ ስማቸው አንድ የሆኑ መንደሮችን የሚለየው እሱ ነው። መንደሩን ሲያገኙ ሻጅራ የሚባለውን የማሳ ካርታ ኻስራ ከሚባለው የማሳዎች መዝገብ ጋር ያመሳክሩ፤ በካርታው 214 የተባለው ማሳ በመዝገቡም 214 ነው። ሁለቱንም የሚይዘው ፓትዋሪው፣ ማለትም የመንደሩ መዝጋቢ ነበር።

አንድ የሚያሳስት ነገር፦ በመዝገቡ «1300» የሚለው ዓመት የፋስሊ፣ ማለትም የግብር ዘመን አቆጣጠር ነው። 592 ወይም 593 ሲደምሩበት በፈረንጅ 1892/93 ይመጣል። ሁለት ቁጥር የሆነው ዓመቱ በመኸር ስለሚጀምር ነው።